ለደጋ አጋዘን አደን የሚደረግ ዝግጅት

በቀድሞው ዘመን አንድ አዳኝ ግዳይ ጥሎ ሲመለስ ይፎክር፣ በአገሩም ሰው ዘንድ ይከበር ነበር። በዛሬው ዘመን ግን አደን በፈቃድ፣ በተከለለ ስፍራና በመሪ የሚደረግ ሥራ ሆኗል። ስለዚህ አዳኙ ከጀግንነቱ ይልቅ የሚመሰገነው በዝግጅቱ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ በባሌ ደጋ የሚያድን ሰው ምን ምን መያዝ እንደሚገባው ላስረዳ አስባለሁ። አብዛኛውን የተማርሁት ለብዙ ዓመታት ለአዳኞች ዱካ በመከተልና ፈረስ በመጫን ከሠሩት ከአጎቴ ነው።

የደጋ አጋዘን ወይም ኒያላ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። በሳይንስ ዓለም የታወቀው አይቮር ባክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ካደነው በኋላ፣ ሊዴከር የተባለው ሊቅ በ1910 ስለ ገለጸው ነው። በ1969 ዓ.ም. በወጣው የ10 ሳንቲም ላይ ራሱ ተቀርጾ ይታያል። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ሲሆን፣ ቀንዱ ተጠማዝዞ ወደ አንድ ሜትር ይደርሳል። የሚኖረውም አብዛኛውን ጊዜ ከ3000 ሜትር በላይ፣ አስታና ኮሶ በበዛበት ቦታ ነው። ቍጥሩ አነስተኛ በመሆኑ ሊጠፉ ከተቃረቡት እንስሳት መካከል ይቈጠራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዕቃ ጠመንጃ ሳይሆን ወረቀት ነው። አዳኙ የአደን ፈቃድ፣ ለጠመንጃውም የመግቢያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን ፈጽሞ ክልክል ነው፤ የሚታደነው ለዚሁ በተከለሉ ስፍራዎች ብቻ ነው። በየስፍራውም በዓመት ስንት ወንድ እንደሚታደን አስቀድሞ ይወሰናል። እንስትና ግልገል አይነካም።

ሁለተኛው ጠመንጃው ነው። ብዙዎች 300 ዊንቸስተር ማግነም ወይም 375 የተባለውን ይመርጣሉ። ነገር ግን ትልቅ ጠመንጃ ሁሉ ጥሩ ጠመንጃ አይደለም። ተኳሹ ትከሻውን እንዳይመታው ፈርቶ ዐይኑን የሚጨፍን ከሆነ፣ በደንብ የለመደው አነስተኛ ጠመንጃ ይሻለዋል። ከሁሉ ይልቅ መዘንጋት የሌለበት፣ በአውሮፕላንና በመኪና ሲንገላታ የመጣ ጠመንጃ መነጽሩ ሊዛባ መቻሉ ነው። ስለዚህ ሰፈር እንደ ተደረሰ በ100 ሜትር ርቀት ኢላማ ተክሎ ሁለት ሦስት ጥይት መሞከር ግዴታ ነው። «ጠርጥር ከገንፎም አለ ስንጥር» የሚባለው ለዚህ ነው። ደግሞም ወደ ዳገትም ሆነ ወደ ቍልቍለት ሲተኰስ ጥይቱ በሜዳ ከሚያርፍበት ከፍ ብሎ እንደሚመታ ማወቅ ያስፈልጋል። የሩጫ ትንፋሽ እጅን ስለሚያንቀጠቅጥም፣ ጠመንጃውን የሚያስደግፉበት ባለ ሦስት እግር ዘንግ ይያዛል።

ሦስተኛው ልብስና ጫማ ነው። በባሌ ደጋ ቀን ፀሐይ ፊትን ያቃጥላል፤ ሌሊት ደግሞ ውሃ ይበርዳል፣ አንዳንዴም በረዶ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት ከመያዝ ይልቅ፣ የሚደራረቡ ሦስት ስስ ልብሶች መያዝ ይሻላል፤ ሲሞቅ ይወልቃሉ፣ ሲበርድ ይጨመራሉ። ጥጥ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፤ ሱፍ ግን ቢረጥብም ሙቀት ይሰጣል። የውጭው ልብስ ከአስታው ጋር ሲታከክ የማይንኳኳ መሆን አለበት፤ የኒያላ ጆሮ ብርቱ ነውና። ጫማ ደግሞ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ተለምዶ ሊመጣ ይገባዋል። ከዚህ ሌላ አቅራቢ መነጽር፣ የዝናብ ልብስ፣ የራስ ባትሪ፣ የውሃ መያዣና የቍስል መድኃኒት ያስፈልጋሉ። ከቆላ የመጣ ሰው ከፍታው ራሱን ሊያሳምመው ስለሚችል፣ ውሃ እየጠጣ አንድ ሁለት ቀን ዐርፎ ቢጀምር ይበጀዋል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው በከንቱ አይደለም። በአንድ ወቅት አጎቴ ያጀቧቸው እንግዳ አዲስ ጫማ አድርገው፣ «ጠመንጃዬን አገሬ ሳለሁ ሞክሬዋለሁ» ብለው በሰፈሩ ሳይሞክሩት ወጡ። በሁለተኛው ቀን እግራቸው ቈሰለ። አንድ ሽማግሌ ኒያላ በታየ ጊዜ መቅረብ ስላልቻሉ ከሩቅ ተኰሱ። እንስሳው ቈስሎ ወደ አስታው ገባ። አጎቴና ጓደኞቻቸው ደሙን እየተከተሉ ሁለት ቀን ፈለጉት፤ ሌሊት ዝናብ ዘነበና ዱካው ጠፋ፤ አላገኙትም። በአደን ሥርዓት የቈሰለ እንስሳ እንደ ተገደለ ይቈጠራልና የእንግዳው አደን በዚያው አበቃ። አጎቴ ግን ቤት ገብተው እራት አልበሉም። እናቴ «ምን ሆነሃል ወንድሜ?» ብትላቸው፣ «ከጥቂቶቹ አንዱ ለማንም ሳይጠቅም ዱር ውስጥ ተሠቃይቶ ሞተ» አሏት። እኔም ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበርሁ፤ ነገሩ የገባኝ ቈይቶ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ጭራሽ ባይታደንስ?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ደኑን ማን ይጠብቃል ከሚለው ጋር የተያያዘ ነው። የአካባቢው ገበሬ ከአደኑ ገቢ ድርሻውን በትክክል ካገኘ ደኑን አይመነጥርም፤ ካላገኘ ግን ኒያላው ከጥይት ይልቅ በመጥረቢያና በእሳት ያልቃል። ስለዚህ አደኑ የሚፈቀድ እስከ ሆነ ድረስ፣ በሚገባ የተዘጋጀ፣ በአንድ ጥይት የሚጨርስ፣ ካልተመቸው ደግሞ ሳይተኵስ ባዶ እጁን ለመመለስ የማያፍር ሰው ሊያደርገው ይገባል። ዝግጅት ማለት ለራስ ምቾት ብቻ ሳይሆን ለእንስሳውም የሚከፈል ክብር ነው።