«ሸክ» እና «ሼል»፦ የበቆሎ እንግሊዝኛ ያስከፈለው ዋጋ

በክረምት አዲስ አበባ ውስጥ፣ መንገድ ዳር በከሰል የሚጠበስ በቆሎ ያላማረው ሰው አይኖርም። እዚህ ዳላስ ግን ይኸው በቆሎ አንዲት እህታችንን የግማሽ ቀን ደመወዝ አስከፍሏታል።

እህታችን አንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ቀን፣ አለቃዋ አንድ ሣጥን የበቆሎ እሸት አሳይቷት «ሸክ» አድርጊው ብሏት ይሄዳል። እሷ ሰምታ የምታውቀው «ሼል» የሚለውን ነበር። ቁጭ ብላ እንደ አገሯ ፈለፈለችው። ሰውየው ሲመለስ ለደንበኛ የሚጠበስ በቆሎ የለም፤ ያለው የፍሬ ክምርና ባዶ ቆረቆንዳ ነው። ኪሳራው ከእሷ ተቆረጠ። አንዱን ልጦ ለማሳየት ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር?

«ሸክ» ማለት አረንጓዴውን ሽፋን ከነፀጉሩ መግፈፍ ነው፤ ፍሬው አይነካም። «ሐስክ»ም ያው ነው። ሰሜኖቹ «ሐስክ» ማለት ይቀናቸዋል፤ ቴክሳስን ጨምሮ ደቡቦቹ «ሸክ» ይላሉ። የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ቡድን «ኮርንሐስከርስ» የሚባለው ከዚሁ ነው፤ በቆሎ ገፋፊዎቹ እንደ ማለት። «ሼል» ግን ፍሬውን ከቆረቆንዳው መፈልፈል ነው፤ አተርም ከነቆባው ሲመጣ «ሼል» ይደረጋል። ለሩዝ ደግሞ «ሃል» አለ፤ የእኛን መሸክሸክና መፈተግ የሚጠጋው እሱ ነው። ሻካራ ድምፅ ያለውን ሰው «ሐስኪ» የሚሉትም ድምፁ እንደ ሽፋኑ ደረቅ ነው ለማለት ነው።

አንድ ራስ በቆሎን «ኢር» ሲሉም ጆሮ መስሎን እንስቃለን። አጠራሩ አንድ ይሁን እንጂ የሁለቱ ቃላት ምንጭ የተለያየ ነው። እንግሊዝ አገር ደግሞ «ኮርን» በጥንቱ አነጋገር ማንኛውም እህል ነው።

ለማስታወስ አንድ ዘዴ አለኝ፦ «ሸክ» ሲሉ «ሸከሸከ»ን ያስቡ። ዝምድና የላቸውም፤ ሁለቱም ግን ልባሱን አውልቆ ፍሬውን ማስቀረት ናቸው። ችግሩ፣ እዚህ ያደጉት ልጆቻችን ሸከሸከንም፣ ፈተገንም፣ ፈለፈለንም አያውቁም። ሁሉንም «ላጠ» ይሉታል። ሙቀጫ ካላዩ ምን ያድርጉ!

እህታችን ዛሬ ሌላ ቦታ ትሠራለች። ሥራ ሲሰጣት መጀመሪያ አንዱን በእጇ አንስታ፣ ጫፉን ገለጥ አድርጋ፣ «እንዲህ ነው?» ብላ ትጠይቃለች።