የአፈር እርጥበት መለኪያ ቦታ አመራረጥ

የዝናብ መለኪያ ጣቢያ የሚመዘግበው ከሰማይ የወረደውን ውኃ እንጂ በጎርፍ የሄደውን፣ በትነት የጠፋውንና ለሰብሉ ሥር የተረፈውን ለይቶ አያሳይም። የዘር ወቅትን ለመወሰንም ሆነ የድርቅ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ለመስጠት የአፈር እርጥበት ልኬታ የሚያስፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ልኬታው የሚካሄድበት ቦታ በጥንቃቄ ካልተመረጠ መረጃው ውሳኔ ሰጪውን ሊያሳስት ይችላል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ የኮረብታው አናት፣ የተዳፋቱና የግርጌው እርጥበት ይለያያል። መሣሪያው ለጥበቃ አመቺ ነው ተብሎ በጽሕፈት ቤት ግቢ ቢተከልና ከጣሪያ የሚወርድ ውኃ ቢደርሰው፣ ሰብል በማሳው ላይ እየጠወለገ ሪፖርቱ በቂ እርጥበት መኖሩን ሊገልጽ ይችላል።

ተወካይ ቦታን ለመለየት የሚያስችለውን ዘዴ ቫሾ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1985 አቅርበዋል። የአንድ አካባቢ እርጥበት ከጊዜ ወደ ጊዜ ቢለዋወጥም፣ ነጥቦቹ እርስ በርስ ሲነጻጸሩ የሚኖራቸው ደረጃ በአብዛኛው አይለወጥም፤ ዛሬ ከሌሎቹ ይልቅ ደረቅ የሆነው ነጥብ ከወር በኋላም ደረቅ ሆኖ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

አሠራሩም የተወሳሰበ አይደለም። በአካባቢው ያሉትን የተዳፋት፣ የአፈርና የሰብል ዓይነቶች ያካተቱ፣ ለምሳሌ 20 ነጥቦች ይመረጡና ከሁሉም በአንድ ቀን ናሙና ይወሰዳል። ናሙናው በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ24 ሰዓት ደርቆ ይመዘናል፤ የእያንዳንዱ ነጥብ ውጤትም ከአማካዩ ጋር ይነጻጸራል። ሥራው በተለያዩ ቀናት ሲደጋገም ለአማካዩ የቀረበውና ልዩነቱ እምብዛም የማይዋዥቀው ነጥብ ለቋሚ መለኪያነት ይመረጣል። እዚህ ላይ ይበልጥ የሚፈለገው አለመዋዠቁ ነው። ዘወትር ከአማካዩ በአንድ አሥረኛ ከፍ የሚል ነጥብ በስሌት ሊታረም ይችላል፤ አንድ ጊዜ ከፍ ሌላ ጊዜ ዝቅ የሚለው ግን መታረሚያ የለውም።

ናሙናው በክረምት ብቻ ከተወሰደም በቂ አይሆንም። አፈሩ ውኃ በጠገበበት ወቅት እርጥበቱን በይበልጥ የሚወስነው የመሬቱ አቀማመጥ ሲሆን፣ በበጋ ግን የአፈሩ ዓይነትና ዕፅዋቱ ስለሚያመዝኑ የነጥቦቹ ደረጃ ሊቀያየር ይችላል።

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በስፋት የሚገኘው፣ መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ይህ አፈር በበጋ ስለሚሰነጣጠቅ በመሣሪያውና በአፈሩ መካከል አየር ይገባና ንባቡ ከእውነታው ዝቅ ይላል። በሌላ በኩል ከአፈሩ ይዘት 25 በመቶው ውኃ ነው ቢባል፣ ይህ መጠን ለአሸዋማ መሬት ከበቂ በላይ ሲሆን በከባድ ሸክላማ አፈር ላይ ያለ ሰብል ግን ሊጠወልግ ይችላል። ስለሆነም የአፈሩ ዓይነት ያልተጠቀሰበት የእርጥበት አኃዝ ለውሳኔ አይበቃም።

የአውሮፓ ህዋ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2009፣ የአሜሪካው ናሳ ደግሞ በ2015 ለዚሁ ተግባር ያመጠቋቸው ሳተላይቶች የመስክ ሥራውን አያስቀሩም። አንድ ንባባቸው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን አካባቢ በአማካይ የሚያሳይ ሲሆን፣ የሚደርሱትም እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ብቻ ነው። የሳተላይቶቹ መረጃ ትክክለኛነት የሚፈተሸውም መሬት ላይ በተመረጡ ነጥቦች ነው።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ መገኛው፣ የአፈሩ ዓይነት፣ ተዳፋቱና የልኬታው ጥልቀት በመዝገብ መያዝ ይኖርባቸዋል። መለኪያውን ማዛወር ግድ ቢሆን፣ አሮጌውና አዲሱ ቦታ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ጎን ለጎን ካልተለኩ የቀድሞው መረጃ ከአዲሱ ጋር ሊነጻጸር አይችልም።