ከትልቁ አንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

የትልቁ አንጀት ካንሰር ዋነኛ ሕክምና ዕጢውን በቀዶ ሕክምና ማስወገድ ነው። ሆኖም የታካሚው ዘላቂ ጤና ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሚከሰቱ ችግሮችም ይወሰናል።

ከእነዚህ መካከል የቁስል መመርቀዝ፣ የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና አንጀቱ ከተሰፋበት ቦታ ተከፍቶ ወደ ሆድ ዕቃ መፍሰሱ ይገኙበታል። የመጨረሻው ከሁሉም የከፋ ሲሆን፣ ሕይወትን ለአደጋ ከማጋለጡም በላይ ካንሰሩ ዳግም የመከሰት ዕድሉን ሊጨምር ይችላል።

ሌላው ጉዳት የሕክምና መዘግየት ነው። ኬሞቴራፒ የሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች በ8 ሳምንታት ውስጥ እንዲጀምሩ ይመከራል፤ ኢንፌክሽን ያለበት ወይም የተዳከመ ታካሚ ግን እስኪያገግም ለመጠበቅ ይገደዳል።

ስለሆነም በአሰላም ሆነ በአዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና አግኝተው ወደ በቆጂና ወደ ሌሎች የአርሲ ደጋማ ወረዳዎች የሚመለሱ ታካሚዎች የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩባቸው፣ የቀጠሮ ቀን ሳይጠብቁ የሕክምና ማስረጃቸውን ይዘው በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ተቋም ሊሄዱ ይገባል፦

• ትኩሳት ወይም ከቁስል የሚወጣ መግል፤
• እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የሆድ መነፋት ወይም ተደጋጋሚ ትውከት፤
• የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ እግር ማበጥ።

የቁስሉ መዳን የሕክምናው ፍጻሜ አይደለም። ቀጣዩ ሕክምና የሚወሰነው በፓቶሎጂ ምርመራ ውጤት በመሆኑ፣ ታካሚዎች ውጤቱን በወቅቱ ተቀብለው ለሐኪማቸው ማሳየትና ክትትላቸውን ሳያቋርጡ መቀጠል ይኖርባቸዋል።