ጣና የሁሉም ነው፤ በጀልባ ስትዝናኑ ለሌላውም አስቡ

ወገኖቻችን የደብረ ኤልያስ ገበሬዎች፣ ከመካከላችሁ ዓባይን የማያውቅ የለም። ወረዳችሁ በደቡብ በኩል ቆላውን ወርዶ የሚያበቃው ዓባይ ላይ ነው። ያ ወንዝ እናንተ ዘንድ የሚደርሰው ከጣና ሐይቅ ወጥቶ፣ ጎጃምን ዞሮ ነው። በክረምት ዓባይን ለመሻገር ማን ይደፍራል? ማንም። ጣና ላይ ግን ውኃው ጸጥ ብሎ ተኝቶ ይታያል። ሰው የሚዘናጋውም እዚያ ነው። “እንደ ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል” የሚባለው በከንቱ አይደለም።

ከእናንተ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ብዙ ነው። አንዱ ገዳም ሊሳለም፣ አንዱ ልጁን ከዩኒቨርሲቲ ሊያስመርቅ፣ አንዱ ዘመድ ሊጠይቅ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ “እስቲ በጀልባ እንንሸራሸር” ይባላል። መልካም ነው። ሲያርስ፣ ሲያርም፣ ሲያጭድ የከረመ ሰው መዝናናት ይገባዋል። ነገር ግን ደጋ ያደገ ሰው የበሬን ጠባይ እንጂ የሐይቅን ጠባይ አያውቅም። ስለዚህ ከመሳፈር በፊት ማወቅ ያስፈልጋል።

የጣና ስፋት ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባሕር ዳር ቆማችሁ ብታዩ የሰሜኑ ዳር አይታይም። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። “ታዲያ ምኑ ያስፈራል?” ትሉ ይሆናል። ሰፊ ሆኖ ጥልቀቱ ያነሰ ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት እንደ መስተዋት የነበረው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ይለወጣል። ወደ ደሴት የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ተነሡ፤ በጊዜም ተመለሱ። ዋና ለማያውቅ ሰው ከቁመቱ ያለፈ ውኃ ሁሉ አንድ መሆኑንም አትርሱ።

ሁለተኛው ነገር የሰው ብዛት ነው። መስከረም 10 ቀን 2011 ዓ.ም. በታንዛኒያ አገር፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ኔሬሬ የተባለች ጀልባ ተገለበጠች። የተሠራችው 101 ሰው እንድትይዝ ነበር። የጫነችው ግን ከዚያ እጅግ የበዛ ሰው ነበር። ከ220 በላይ ሰዎች አለቁ። የተገለበጠችውም በሐይቁ መካከል ሳይሆን መውረጃው አጠገብ ስትደርስ ነው። አህያ ከአቅሟ በላይ ብትጫን ትተኛለች፤ እናንተም ጭነቱን ታራግፉላታላችሁ። ጀልባ ግን እስኪራገፍላት አትጠብቅም።

እንግዲህ ፊደልና ቁጥር ማወቃችሁ እዚህ ላይ ይጥቀማችሁ።

1ኛ. ጀልባዋ ስንት ሰው እንደምትይዝ ተጽፎ እንደሆነ አንብቡ፤ ካልተጻፈ ነጂውን ጠይቁ። ተሳፋሪውንም ቁጠሩ። ከበዛ ውረዱና ቀጣይዋን ጠብቁ።

2ኛ. ላይፍ ጃኬት የሚባለውን፣ ሰው ውኃ ላይ እንዲንሳፈፍ የሚያደርገውን ሰደርያ ልበሱ፤ ማሰሪያውንም አጥብቁ። ወንበር ሥር የተቀመጠ ሰደርያ ማንንም አያድንም። ለልጆች በልካቸው የሆነውን ጠይቁ፤ የሰፋ ከሆነ በራሳቸው በኩል ሾልኮ ይወጣል።

3ኛ. ጀልባዋ ስትሄድ አትነሡ። “ያውና ገዳሙ!” ሲባል ሁላችሁም ወደ አንድ ወገን አታዘንብሉ።

4ኛ. መጠጥ የቀመሰ ሰው በሚነዳት ጀልባ አትሳፈሩ።

ራሳችሁን ከጠበቃችሁ በኋላ ደግሞ ሌላውን አስቡ። የጋራ ግጦሽን ሥርዓት ታውቃላችሁ። አንዱ ከብቱን እንዳሻው ቢለቅ የሌላው ከብት ይራባል። ሐይቅም እንዲሁ ነው። እናንተ ጣና ላይ የአንድ ቀን እንግዶች ናችሁ፤ እንጀራው እዚያው የሆነ ሰው ግን አለ። ታንኳ የሚቀዝፈውን ተመልከቱ። ታንኳዋ ከደንገል የታሰረች ናት፤ ወይጦዎች በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ደንገል ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ታንኳዋን ከሐይቁ አውጥተው ያደርቋታል። በዚህች ታንኳ እንጨት ወይም ዓሣ ጭኖ በሚሄድ ሰው አጠገብ የሞተር ጀልባ በፍጥነት ቢያልፍ፣ የሚነሣው ሞገድ ጭነቱን ሊያረጥብ፣ ታንኳዋንም ሊገለብጥ ይችላል። ለእናንተ ሳቅና ጨዋታ የሆነው ነገር ለእሱ የቀን ድካሙን ማጣት ነው፤ ሲብስም ነፍሱን።

የዓሣ አስጋሪው መረብም እንዲሁ ነው። ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ምልክት ካያችሁ ከሥሩ መረብ ሊኖር ይችላል። መረቡ በሞተር ቢቆረጥ፣ በእርሻ ወቅት ሞፈሩ እንደ ተሰበረበት ገበሬ ቁጠሩት። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ካያችሁ አትጠጉት፤ ወደ ጥልቁ የሚሸሽበትንም መንገድ አትዝጉበት። ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃው ውስጥ አትጣሉ። እምቦጭ የተባለው አረምም አለ። ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ታየ፤ ከቁራጩም ይበቅላል። ጀልባዋ ላይ ተጠምጥሞ ካያችሁ ወደ ንጹሕ ዳርቻ ሳይወሰድ ተለቅሞ ደረቅ መሬት ላይ እንዲጣል አሳስቡ። አረም የማሳ ጠላት መሆኑን ለእናንተ ማስረዳት አያሻም።

“ይህ ሁሉ የነጂው ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?” የሚል አይጠፋም። ያገባችኋል እንጂ! ተሳፋሪው “ንዳው! ንዳው!” ካለ ነጂው ይፈጥናል። ተሳፋሪው ዝም ካለም “ተስማምተዋል” ይላል። ከፍላችሁ ተሳፍራችኋልና “ወንድሜ፣ ፊት ለፊት ታንኳ አለ፤ ቀስ በል” ማለት መብታችሁ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላውም ይደግፈዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ውኃ ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም።

ይህን ጽሑፍ ወደ ባሕር ዳር ለሚሄድ ጎረቤታችሁ አንብቡለት። አብራችሁ ከሄዳችሁም፣ ማንበብ ለማይችለው ሰው የጀልባዋን ቁጥር እናንተ አንብቡለት።