ሳያረጅ የሚያጥር ልብስ

የአዋቂ ልብስ የሚያልቀው በመለበስ ነው። ክርኑ ይሳሳል፣ ኮሌታው ይበላል፣ የሱሪው ጉልበት ይነጣል። የሕፃን ልብስ እዚያ አይደርስም። ጤናማ ሕፃን ሲወለድ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ዓመት ሲሞላው 75 ይጠጋል። ክብደቱም በአምስተኛው ወር ግድም እጥፍ፣ በዓመቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። የአውሮፓ የሕፃን ልብስ ቁጥር ይህንኑ ተከትሎ በየ6 ሴንቲ ሜትሩ ይዘላል፦ 50፣ 56፣ 62፣ 68፣ 74፣ 80። እንግዲህ ልደቱን ያከበረ ልጅ አራት ወይም አምስት ቁጥር ጥሎ አልፏል። አንዱን ቁጥር የሚለብሰው ለሁለት ለሦስት ወር ነው፤ ለክርስትናው የተገዛውን ነጭ ልብስማ ለአንድ ቀን።

ስለዚህ በየቤቱ ቁም ሳጥን የሚከማቸው ልብስ አጠረ እንጂ አላረጀም። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ቢሆንም ሰልባጅ ከገበያ ጠፍቶ አያውቅም፤ ከክምሩ ውስጥ አዲስ የሚመስለው ብዙ ጊዜ የሕፃን ልብስ መሆኑም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን «በልጅዎ አሮጌ ልብስ ምን ይሥሩበት?» የሚለው ምክር ሁሉ በመቀስ ይጀምራል። ትራስ ልብስ ይሥሩ፣ አሻንጉሊት ይስፉ፣ የፀጉር ማስያዣ ያድርጉት ይላል። እኔ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ይመስለኛል። ደኅና የሕፃን ልብስ የሚበጀው ለሌላ ሕፃን ነው፤ መቀስ የሚመጣው ያ ሳይሆን ሲቀር ነው።

ከዚያም በፊት ለዚያው ልጅ ጥቂት ወራት ሊጨመርለት ይችላል። የሕፃን ልብስ ለዳይፐሩም ለመተጣጠፉም ተብሎ በወርዱ ሰፋ ተደርጎ ስለሚሰፋ ቀድሞ የሚከዳው ርዝመቱ ነው። ካልሲ ያለው ቱታ የሚያጥረው ጣቱ ጋ ነው፤ እግሩ ከቁርጭምጭሚት ላይ ሲቆረጥ ያለ ካልሲ ቱታ ሆኖ ይቀጥላል። በጭን መካከል የሚቆለፈው ካናቴራ የሚያጥረው መቆለፊያው ጋ ነው፤ ያ ተቆርጦ ጠርዙ ሲታጠፍ ተራ ካናቴራ ይሆናል። የቲሸርት ጨርቅ ሲቆረጥ ይጠቀለላል እንጂ እንደ ሸማ ክሩ አይተረተርም፤ ስለዚህ ልብስ ሰፊው ኦቨርሎክ ቢመታበት ይበቃዋል። ነገሩን አስቀድመው ያሰቡበትም አሉ። ጃፓኖች የልጅ ኪሞኖ ሲሰፉ ትከሻውና ወገቡ ላይ ትርፉን አጥፈው ይይዙታል፤ ልጁ ባደገ ቁጥር እጥፉን እየፈቱ ያስረዝሙታል። በእኛም አገር የተማሪ ዩኒፎርም ጠርዙ በሰፊው ታጥፎ ሲሰፋ ዓላማው ይኸው ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፔቲ ፕሊ የተባለ በሽንሽን የተሠራ የልጆች ልብስ በእንግሊዝ የጄምስ ዳይሰን ሽልማትን አግኝቷል፤ ልጁ ሲያድግ ሽንሽኑ እየተከፈተ አንዱ ልብስ ብዙ ቁጥር ይሸፍናል። ከፋብሪካ የሚወጣው ልብስ ግን ይህን ትርፍ ጨርቅ አይተውም። ጨርቅ ዋጋ አለው።

ለሌላ ሕፃን ይተላለፍ ሲባል ሰው የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ነው። ወቅቱ ግን እኩል ይወስናል። ታኅሣሥ የተወለደ ልጅ ስድስት ወር የሚሞላው ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ሲገባ ነው፤ ሰኔ የተወለደው ደግሞ ታኅሣሥ ላይ፣ ሌሊቱ ደርቆ ሲበርድ፣ ቀኑ ግን ፀሐይ ሲሆን። የአንዱ ዝናብ የማያስገባ ካፖርት ለሌላው በልኩ ቢሆንም አያገለግለውም። ቦታም እንዲሁ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከሚኒሶታ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ወፍራም ቱታ ከ2,300 ሜትር በላይ ለሆነችው አዲስ አበባ ሌሊት ይሆናል፤ አፋር ወይም ጋምቤላ ላለ ሕፃን ግን ላብና ሽፍታ ነው። ላኪው «የማን ልጅ? የት ያለ? በየትኛው ወር የተወለደ?» ብሎ ቢጠይቅ ሻንጣው ግማሽ ይቀልለት ነበር።

አሰጣጡም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በአንዳንድ ቤት እናት የልጇን ልብስ ለማታውቀው ሰው መስጠት ትፈራለች፤ ለእህቷ ወይም ለጎረቤቷ ስትሰጥ ግን ደስ ይላታል። ተቀባይዋም «አሮጌዋን ጣለችብኝ» እንዳትል ልብሱ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ቁልፉ ተሟልቶ መድረስ አለበት። ለጨቅላ ቆዳ ደጋግሞ የታጠበ ልብስ ከአዲሱ የሚሻልበት ጊዜም አለ፤ እንዳይጨማደድ ተብሎ በፋብሪካ የሚነከርበት ፎርማልዲሃይድ በአጠባ እየቀነሰ ይሄዳልና።

እድፉን በተመለከተ፣ ወተትና ትውከት ፕሮቲን ስላላቸው መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውኃ ይፈልጋሉ፤ በፈላ ውኃ ከተጀመረ እድፉ ይበስልና ከክሩ ጋር ይጣበቃል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ሰገራ የሚያስቀረው ቢጫ እድፍ ደግሞ በአጠባ ብቻ አይለቅም፤ ልብሱ እርጥብ እንዳለ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ግን እየደበዘዘ ይጠፋል። ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን የሚባለው ንጥረ ነገር በብርሃን ይፈርሳል። ዓይኑና ቆዳው ቢጫ የሆነ ጨቅላ በሆስፒታል ሰማያዊ መብራት ሥር የሚተኛውም በዚሁ ባሕርዩ ነው። በረኪና እዚህ ላይ ጉዳቱ ያመዝናል፤ ላስቲኩን ያደክመዋል።

ከመስጠት በፊት አንድ ፍተሻ ይቀራል። የኮፍያና የአንገት ማሰሪያ ገመድ ይውጣ፤ የሕፃን አንገት ሊያንቅ ይችላል። አሜሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. አምራቾች ከልጆች ልብስ ኮፍያና አንገት ላይ ገመድ እንዲያስቀሩ መመሪያ ያወጣችው በዚህ የተነሣ የሞቱ ልጆች ስለነበሩ ነው። የላላ ቁልፍ ይጥበቅ ወይም ይነቀል። ካልሲው ይገልበጥና ውስጡ የተንጠለጠለ ክር ይቆረጥ፤ ቀጭን ክር በሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቆም ይችላል።

አሁን መቀሱ ይምጣ። ማዲያት የያዘ፣ የተቀደደ፣ ላስቲኩ የሞተ ልብስ ለሰው አይሰጥም፤ ምን እንደሚሆን የሚወስነው ግን ጨርቁ ነው። ምርጡ ነጭ ጥጥ ነው፤ ከጥጥ ካናቴራ የተሻለ ማሰሻ አላውቅም። ለስላሳ ነው፣ የጎመን ዘሩን ቅባት ይይዛል፣ በምጣዱ ላይ በእኩል ያዳርሳል። ፖሊስተር ከሆነ ግን በጋለ ምጣድ ላይ ቀልጦ ይጣበቃል፤ ቀጥሎ የሚጋገረው እንጀራም ያነሣዋል። መለያው ቀላል ነው፦ ከስፌቱ ትርፍ ላይ ጥቂት ክር ቆርጦ በብረት ሰሐን ላይ ማቃጠል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ይሠራል። የተቀላቀለው ሁለቱንም ያሳያል፤ እሱም ለምጣድ አይሆንም። ፖሊስተር ውኃም በደንብ ስለማይመጥ ለወለል መወልወያ እንኳ ደካማ ነው። እሱን የሚያምርበት መሙያ መሆን ነው፦ ትራስ ውስጥ፣ አሻንጉሊት ሆድ ውስጥ፣ ወይም በአሮጌ ካልሲ ተጠቅጥቆ የሰፈር ልጆች የሚያባርሩት የጨርቅ ኳስ ውስጥ። ጠበቅ ተደርጎ ሲጠቀለልና ሲሰፋ ለጀበና ማቶት የሚሆነው ግን ጥጡ ነው።

ሹራብ የተለየ ጉዳይ ነው። ተተርትሮ ክሩ ለኪሮሽ ወይም ለሌላ ሹራብ ይውላል ይባላል፤ እውነት የሚሆነው ግን ለአንዳንዱ ብቻ ነው። ገልብጠው የጎኑን ስፌት ይዩት። ሁለቱ ጠርዞች በክር ብቻ ተያይዘው ንጹሕ ከሆኑ ሹራቡ ቅርጹን ይዞ የተሠራ ነው፤ ስፌቱ ሲፈታ ክሩ ከላይ ወደ ታች ሳይበጠስ ይመጣል። ጠርዙ በኦቨርሎክ የተመታ ከሆነ ከሰፊ ጨርቅ ላይ ተቆርጦ የተሰፋ ነው፤ ሲተረተር በየረድፉ የተቆራረጠ ጭራ ብቻ ያስታቅፋል። ከእንዲህ ያለው ሹራብ ጋር ማምሸት ድካም ነው፤ እጅጌውን ቆርጦ የእግር ማሞቂያ ማድረግ ይሻላል።

የመታሰቢያ ብርድ ልብስ የሚባለውንም ላንሣ። የልጁ ልብሶች በአራት ማዕዘን ተቆርጠው እርስ በርስ ይሰፋሉ። አያቶቻችን ድሪቶ ሲሰፉ ሌላ ጨርቅ አጥተው ነው፤ ዛሬ ደኅና ልብስ ተቆርጦ ድሪቶ ሲሠራ ቁጠባ ነው መባሉ አይገባኝም። ውበት ነው፣ ትዝታ ነው፤ ይሁን። ነገር ግን ለትዝታ ሁለት ልብስ ይበቃል፤ ለመስፋት የሚያስፈልገው ሌላው ጨርቅ እድፍ ከያዘው ይምጣ። ልዋጭ የሚሉት ነጋዴዎችም አሉ፤ አሮጌ ልብስ ወስደው የፕላስቲክ ዕቃ ይሰጣሉ። ሥራቸው የተከበረ ነው፤ ከረጢቱን ከማስረከብ በፊት ዚፕ፣ ቁልፍና ደኅና ላስቲክ ማውጣት ግን አይከፋም፤ ልብስ ሰፊ ጋ ሲኬድ የሚገዙት እነሱ ናቸውና።

ከሁሉም የከፋው አያያዝ «ለሚቀጥለው ልጅ» ብሎ ዓመታት ማስቀመጥ ነው። ላስቲክ ሳይለበስም ይደርቃል፤ ሲታጠፍ ያልታየ የወተት ቅሪት ከዓመት በኋላ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ትንሿ ቁጥር በተለይ ፈላጊ አላት። ከ2,500 ግራም በታች የተወለዱ ሕፃናት በእናታቸው ደረት ላይ ራቁታቸውን በሚታቀፉበት፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ቦጎታ ላይ በተጀመረው የካንጋሩ እንክብካቤ፣ የሚለብሱት ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ነው። በአቅራቢያዎ ያለው ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ያገለገለ ልብስ ይቀበል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ በሽታ እንዳይተላለፍ ሲባል የማይቀበል ይኖራል። የሚቀበል ከሆነ ኮፍያዎቹንና ካልሲዎቹን አጥበው በዚህ ሳምንት ያድርሱ።