የዕፅዋትን ሳይንስ ለሕዝብ ስለ ማዳረስ፦ የኑግና የመጭ ምሳሌ

መግቢያ

የአንድ አገር ዕፅዋት ተመርምረው በመጽሐፍ መመዝገባቸው ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ዕውቀቱ ተክሉ በሚበቅልበት ማሳ ዳር ለሚኖረው ሰው ካልደረሰ፣ ሥራው በመንገድ እንደ ቀረ ይቆጠራል። ቀሪውን መንገድ መምህራን እንዴት ሊያሟሉት እንደሚችሉ፣ የምዕራብ ጎጃም ገበሬ በሚገባ በሚያውቀው ሰብል፣ በኑግ፣ እናስረዳለን።

የመጻሕፍቱ ይዘት

የአዲስ አበባና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ1980 የጀመሩት የኢትዮጵያ ዕፅዋት ጥናት በ2009 ተፈጽሟል። ውጤቱም የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝሩ 8 ቅጾች ሲሆኑ፣ የያዟቸው ዝርያዎች 6,000 ያህል ናቸው። ኑግና አደይ አበባ የሚገኙበትን ቤተሰብ የሚመለከተው ክፍል በመስፍን ታደሰ ተዘጋጅቶ በ2004 ታትሟል። መጻሕፍቱ ግን የተጻፉት በእንግሊዝኛ፣ ለባለሙያ በሚስማማ ጥብቅ አነጋገር ስለሆነ፣ በአማርኛ ለሚማረው ተማሪና ለወላጁ በቀጥታ የሚነበቡ አይደሉም። ስለዚህ በመካከል የሚያስረዳ መምህር ያስፈልጋል።

ኑግና መጭ

በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት የኑግ ማሳ ቢጫ ይለብሳል። በዚያው ሰሞን ሳይዘራ የሚበቅለው መጭ ያብባል። የሁለቱ መመሳሰል ለገበሬው እንግዳ አይደለም። ሳይንስም ይህንኑ አጽንቶ ሁለቱን ጊዞቲያ በሚባል አንድ ወገን መድቧቸዋል፤ ኑግ በጥንት ገበሬዎች ምርጫ ከመጭ ወገን እንደ ወጣም ይታመናል።

ከዚህ የበለጠ ጥቅም ያለው ግን ሌላው ግኝት ነው። ይኸውም አንድ የኑግ ተክል በገዛ ራሱ ብናኝ አብዛኛውን ጊዜ ዘር አይቋጥርም። ብናኙን ከሌላ ተክል የሚያመጡለት ነፍሳት፣ በተለይም ንቦች ናቸው። በመሆኑም አበባው በፈካበት ሰሞን በኑጉ ወይም በአጠገቡ ባለ የበርበሬ ማሳ ላይ ተባይ ማጥፊያ ቢረጭ፣ ጉዳቱ በማሩ ብቻ አይቆምም፤ የኑጉም ምርት ይቀንሳል። ይህን ያላወቀ ገበሬ የምርቱን ረዳት በገዛ እጁ ያጠፋል።

ለማስተማር የሚረዱ መንገዶች

ሀ. ከሚታወቀው ስም መነሣት። በቅድሚያ «ኑግ»፣ ቀጥሎ «ጊዞቲያ አቢሲኒካ» ይባል። የአገሩ ስም ተማሪውን ከተክሉ ጋር ያገናኘዋል፤ የሳይንሱ ስም ደግሞ አንዱ ተክል በየአካባቢው በተለያየ ስም ሲጠራ ከመሳሳት ይጠብቃል።

ለ. በዓይን ማሳየት። ተማሪዎች ጥቂት የኑግ እምቡጦችን ከመፈካታቸው በፊት በስስ ሻሽ ይሸፍኑ፤ ሌሎቹን ክፍት ይተዉ። በኅዳር የሁለቱን ዘር ቆጥረው ሲያስተያዩ የንቡ ሥራ ይገለጥላቸዋል። ለዚህ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም።

ሐ. ከሕዝቡ መማር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ እንደሚገድል ለማወቅ በቁ። የግኝቱ መነሻ የሕዝቡ ልማድ ነበር። ስለዚህ መምህሩ የንብ አርቢዎችንና የአዛውንትን ዕውቀት መዝግቦ፣ የታወቀውን ገና ከሚመረመረው ለይቶ ማቅረብ ይገባዋል።

መደምደሚያ

የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ለፍኖተ ሰላም ወይም ለቡሬ ትምህርት ቤቶች የዕፅዋት መጽሐፍ ሲመድቡ፣ ከመጽሐፉ ጋር ባለ አንድ ገጽ የአማርኛ ማብራሪያ እንዲዘጋጅ ቢያደርጉ ወጪው አነስተኛ ነው። ማብራሪያውም በመስከረም፣ ኑጉ ሳይፈካ፣ በተማሪው እጅ ወደ ቤት ሊደርስ ይገባል። አበባው ከረገፈ በኋላ የሚመጣ ምክር ለዚያ ዓመት አዝመራ አይጠቅምም።