ገደብና እርከን፦ በፕሮግራም በሚታዘዝ የኃይል ምንጭና መለኪያ ላይ የከረንት አወሳሰን

በኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራ ቮልቴጅ እየሰጠ በዚያው ጊዜ ከረንት የሚለካ መሣሪያ ለሥራ ሲዘጋጅ፣ ሁለት መጠኖች አስቀድመው ይወሰናሉ። አንደኛው በሚፈተነው ዕቃ ውስጥ እንዲያልፍ የሚፈቀደው ከፍተኛ ከረንት ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ «ገደብ» ይባላል። ሁለተኛው መሣሪያው የሚለካበት የመጠን ደረጃ ነው፤ ይህም «እርከን» ይባላል። ሁለቱንም «ወሰን» ብሎ በአንድ ቃል መጥራት ይቻላል፤ ሆኖም ተግባራቸው የተለያየ ስለሆነ ስያሜያቸውም ቢለያይ ይበጃል።

ገደብ ዕቃውን ይጠብቃል። በ20 ሚሊ አምፒር ለሚሠራ ነጭ ኤል ኢ ዲ 5 ቮልት ቢታዘዝና ገደቡ 20 ሚሊ አምፒር ቢሆን፣ ከረንቱ ከዚያ አያልፍም፤ መሣሪያው ራሱ ቮልቴጁን ወደ 3 ቮልት ገደማ ዝቅ ያደርገዋል። ገደቡ 1 አምፒር ቢሆን ግን ኤል ኢ ዲው ሊቃጠል ይችላል።

እርከን የንባቡን ጥራት ይወስናል። በጆንያ እህል ሚዛን ወርቅ አይመዘንም። ኪትሌይ 2400 በተባለው መሣሪያ በ1 አምፒር እርከን ላይ የሚለየው ትንሹ ለውጥ 10 ማይክሮ አምፒር ሲሆን፣ በ1 ማይክሮ አምፒር እርከን ላይ 10 ፒኮ አምፒር ነው። ስለዚህ በዳዮድ ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚያመልጥ የጥቂት ናኖ አምፒር ከረንት በትልቁ እርከን ላይ አይታይም።

ስሕተት የሚፈጠረው ሁለቱ ሳይጣጣሙ ሲቀሩ ነው፤ በአንድ መጠን ላይ የጸና እርከን በራሱ ሁለተኛ ገደብ ይሆናልና። በዚህ መሣሪያ እያንዳንዱ እርከን ከስሙ አልፎ የሚዘልቀው በ5 በመቶ ብቻ ነው። ገደቡ 20 ሚሊ አምፒር ሆኖ እርከኑ በ10 ሚሊ አምፒር ላይ ከጸና፣ ከረንቱ በ10.5 ሚሊ አምፒር ላይ ይቆማል። ይህን ያላስተዋለ ሰው የመሣሪያውን ቅንብር የኤል ኢ ዲው ጠባይ አድርጎ ይመዘግባል። መሣሪያው ግን ልዩነቱን ያመለክታል፤ ከረንቱን የያዘው የታዘዘው ገደብ ከሆነ በማሳያው ላይ የገደቡ ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል፤ የያዘው እርከኑ ከሆነ ደግሞ ብልጭ ድርግም የሚለው ከገደቡ ቁጥር አጠገብ ያለው የመለኪያ አሃድ ነው። እርከኑን መሣሪያው ራሱ እንዲመርጥ ከተደረገ ይህ ሁለተኛው እገዳ አይከሰትም፤ ይሁን እንጂ እርከን በተለወጠ ቁጥር ልኬቱ ይዘገያል።

መሣሪያው በፕሮግራም ሲታዘዝ ማሳያውን የሚመለከት ሰው ላይኖር ይችላል። በተጨማሪም ወደ መነሻ ቅንብሩ ሲመለስ የከረንት ገደቡ 105 ማይክሮ አምፒር ይሆናል። ስለሆነም ገደብ ማዘዝን የዘነጋ ፕሮግራም ኤል ኢ ዲውን ባያቃጥልም፣ ትክክለኛ የሚመስል የተሳሳተ ውጤት ያስገኛል። ይህ እንዳይሆን መውጫው ተዘግቶ ሳለ በመጀመሪያ ገደቡ፣ ቀጥሎ ገደቡን የሚያካትት እርከን፣ ከዚያም ቮልቴጁ ይታዘዛል፤ መውጫው የሚከፈተው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ከእያንዳንዱ ንባብ ጋርም መሣሪያው የሚልከው የሁኔታ ቁጥር አብሮ ሊመዘገብ ይገባል፤ ከረንቱ በገደቡ ወይም በእርከኑ ተይዞ እንደነበረ ኋላ ላይ የሚታወቀው ከዚህ ቁጥር ነው።